የጎደለውን ሰው መቁጠር፦ ለቁምስናችን ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት በሒሳብ ሥራ አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እዚህ ባሕር ዳር በቁምስናችን የገንዘብ ኮሚቴ ውስጥ ሳገለግል ቆይቻለሁ። ባለፈው ጾም ከእናንተ አንዷ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ ቁምስና ዓላማው ምንድን ነው? ለማስቀደስ ብቻ ከሆነ እኮ የትም ሄጄ ማስቀደስ እችላለሁ» ስትል ጠየቀችኝ። የመለስኩላት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። ጥያቄዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ስለመጣ ለእርሷም ለሁላችሁም በጽሑፍ መመለስ እወዳለሁ።

እኛ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን የምንተዳደርበትና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ፣ በቀኖና 279 ቁምስናን ሲተረጉም የሚነሣው ከሰዎች ነው፤ በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ በቋሚነት የተመሠረተና እረኝነቱ ለአንድ ቆሞስ፣ ማለትም ለቁምስናው ኃላፊ ካህን፣ የተሰጠ የምእመናን ማኅበረሰብ መሆኑን ይናገራል። ስለ ሕንፃ፣ ስለ አጥርና ስለ ደወል በዚህ ትርጉም ውስጥ አንድም ቃል የለም። የእኛ ቃል «ቁምስና» ከቆሞሱ ስለተወሰደ እረኛውን ያስታውሰናል። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ለዚሁ ነገር ስም ያወጡበት የግሪኩ «ፓሮይኪያ» ደግሞ በሰው አገር በእንግድነት መኖርን ያመለክታል፤ ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ «በእንግድነታችሁ ዘመን» ሲል የተጠቀመበት ቃል ነው። እንግዲህ ቁምስና ማለት የሚጠብቃቸው ያገኙ እንግዶች ማለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ከእናንተ የበለጠ የሚረዳው የለም፤ አብዛኞቻችሁ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሩቅ የመጣችሁ ናችሁና። ከሶዶ ወይም ከሆሳዕና የመጣችሁት በላቲን ሥርዓት ስላደጋችሁ የግእዙ ዜማና ከበሮው መጀመሪያ ላይ ባዕድ ይሆንባችኋል፤ ከእምድብር ወይም ከዓዲግራት የመጣችሁት ግን በቅዳሴው ጊዜ ቤታችሁ የገባችሁ ያህል ይሰማችኋል። ከግቢው ስትወጡ ሁላችሁም እኩል እንግዶች ናችሁ። ሀገረ ስብከታችን የባሕር ዳርና ደሴ ራሱ ከአዲስ አበባ ተለይቶ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ፣ በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ ያነሰ ነው።

አሁን ልነግራችሁ የምፈልገው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በስተቀኝ በኩል ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የወር መዋጯቸውን አንድም ጊዜ አሳልፈው አያውቁም። አንድ ዓመት ሒሳቡን ስዘጋ የአራት ወር መዋጮ እንዳልከፈሉ አየሁና በስማቸው ትይዩ «ያልተሰበሰበ» ብዬ ጻፍኩ። የዚያን ዓመት ሒሳብ ከወጪ ቀሪ ገንዘብ ይዞ ስለተዘጋ ደስ ብሎኝ ሪፖርቴን አቀረብኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ወደ በራችን መጥተው፣ «እኔ የሰፈራቸው ሰው ነኝ፤ አባባ ደክመዋል፣ ቄስ ይምጣላቸው» አሉ። ሽማግሌው ለእነዚያ አራት ወራት የአልጋ ቁራኛ ሆነው ኖረዋል፤ ገንፎ የሚያደርሱላቸው፣ ልብሳቸውን የሚያጥቡላቸው እኚህ ኦርቶዶክሳዊት ጎረቤታቸውና የዕድራቸው ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ የዐሥር ደቂቃ መንገድ አይሆንም። መቅረታቸውን ከማንም ቀድሞ ያወቀው የእኔ መዝገብ ነበር፤ ያወቀውም እንደ ዕዳ ነው። ሰውየው የት ገባ ብዬ ለመጠየቅ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ልጄ ሆይ፣ ጥያቄሽን ስሰማ ትዝ ያሉኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሴ የትም ይገኛል፤ መቅረትሽን የሚያውቅና ፈልጎሽ የሚመጣ ማኅበረሰብ ግን የትም አይገኝም። ቁምስና ለዚህ ካልሆነ በመሠዊያው ዙሪያ የተሰበሰብንበትን ምክንያት ግማሹን ጥለነዋል ማለት ነው፤ አንዱን እንጀራ ተካፍለን ስናበቃ አንዳችን የአንዳችንን ደጃፍ ካላወቅን ተካፈልን ለማለት ይከብደኛል።

ይህ የጣና ሐይቃችን ራሱ ያየው ታሪክ አለ። ግእዝና አማርኛ ተምረው በትዕግሥት ያስተምሩ የነበሩት የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ ዐረፉ። ከዚያ በኋላ በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ ከሮም በተሾሙት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ፊት ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ አረጋገጡ፤ ሕዝቡም የአባቶቹን ሥርዓት እንዲለውጥ በትእዛዝ ተገደደ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። በአዋጅ የመጣው በአዋጅ ሄደ። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1839፣ የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው፣ ምንም የመንግሥት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው ከሰው ጋር ኖሩ። በእርሳቸው እጅ በ1851 የተካኑት የጎጃሙ ሰው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሲሞቱ ያስተዳደሩት ግቢ አልነበራቸውም። ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላ የሰየመቻቸው ለእውነት ብለው ስለከፈሉት ዋጋ ነው። እኛ በቁጥር ጥቂቶች ነን። በዚህ አገር የሚያዘልቀን በጎረቤትነት የሚታይ ፍቅር እንጂ የቁጥር ብዛት ወይም የባለሥልጣን ድጋፍ እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ መማር ይገባናል።

ስለዚህ መዘምራን ከመሆን አልፋችሁ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ። ዝማሬውን ማቃለሌ አይደለም፤ እኔም በወጣትነቴ ከበሮ መትቻለሁ። ሕጉ በቀኖና 295 ለሐዋርያዊ ሥራና ለንብረት ጉዳይ በቁምስና ውስጥ ምክር ቤቶች እንዲኖሩ ይደነግጋል፤ በእነዚህ ውስጥ ስትገቡ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ ከመነጋገራችን በፊት በዚህ ወር ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ፣ የትኛው ተማሪ ለበዓል ወደ ቤቱ መሄድ እንዳልቻለ ጠይቁን። የምትኖሩበት ሰፈር ዕድር ካለው ግቡበት፤ የታመመን ለመጠየቅ ሃይማኖቱን የማይጠይቁ ሰዎችን እዚያ ታገኛላችሁ፣ እኛም ከእነርሱ የምንማረው አለን።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ከሒሳቡ መዝገብ ጎን ገንዘብ የማይጻፍበት አንድ ደብተር እይዛለሁ። በተከታታይ ሁለት እሑድ ያላየሁትን ሰው ስምና ሰፈር እጽፍበታለሁ፤ እየሄድኩም እጠይቃለሁ። ዓይኔ እየደከመ፣ ጉልበቴም እየከዳኝ ስለሆነ ብቻዬን አልዘልቀውም። በዚህ ሳምንት አራት ስሞች አሉ፤ ሁለቱ ቀበሌ ዐሥራ አራት፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ አንዷ ሽምብጥ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን፣ ለሽምብጧ እናት ብርቱካን ይዤ እመጣለሁ።