ስለ ኪሮሽና ስለ ሹራብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

እትዬ ልቃቂት፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ብርዱ ገብቷል። ኪሮሽና ሹራብ መጀመር እንፈልጋለን እያላችሁ በውስጥ የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። ለአንድ ለአንድ ከምመልስ እዚሁ ጠይቁኝ፣ ሁሉም ያንብበው። እኔ ከ5ኛ ክፍል የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ኪሮሽ ከእጄ አልተለየም። ከሁሉም የምወደው ክብ ሥራ ነው፤ ኮፍያ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል፣ የረከቦት ልብስ። ሹራብም እሠራለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ምንም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ናሙና ሥሩ፣ እጠቡት፣ ሲደርቅ ለኩት። ዛሬ ይህን ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ።

ጀማሪዋ (ኮምቦልቻ)፦ እትዬ፣ እኔ ምንም አልችልም። በኪሮሽ ልጀምር ወይስ በሹራብ መርፌ?

እትዬ ልቃቂት፦ በኪሮሽ ጀምሪ የኔ እናት። በኪሮሽ ሥራ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ዓይን፣ ማለትም አንድ የክር ቀለበት፣ ብቻ ነው። ከእጅሽ ቢወድቅ እሱን መልሰሽ ትይዣለሽ፣ አለቀ። በሹራብ ግን 80 ዓይን ካለሽ 80ውም መርፌው ላይ ተሰልፈው ይጠብቁሻል። አንዱ ካመለጠ ወደ ታች መተርተር ይጀምራል። የአሉሚኒየም ኪሮሽ ግዢ፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር። ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን። በጥቁር ክር ዓይኑ አይታይሽም። በቀጭን የዳንቴል ክርም አትጀምሪ፣ በሁለት ቀን ተስፋ ያስቆርጥሻል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰንሰለት ብቻ ሥሪ፣ ዓይን በዓይን ውስጥ እየሳብሽ። እጅሽ ክሩን አጥብቆ መያዙን ሲተው ይታወቅሻል።

የጦሳ ልጅ፦ ክር ምን ያህል ይበቃል?

እትዬ ልቃቂት፦ ለምኑ?

ከሐይቅ፦ እትዬ፣ ለእህቴ ልጅ የሕፃን ሹራብ ልሠራ ነው። ባለ ሱቁ «ንጹህ ሱፍ ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ዋጋው ግን ረከሰብኝ። በምን ላውቅ?

እትዬ ልቃቂት፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ገበያ ላይ «ሱፍ» የሚባለው ክር ብዙውን ጊዜ የበግ ፀጉር አይደለም፣ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። በእሳት ትለይዋለሽ። ከጫፉ ጣት የሚያህል ቁረጪ። ውሃ ያለበት ሳህን አጠገብሽ አስቀምጪ። ክሩን በወረንጦ ይዘሽ ክብሪት ለኩሺበት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የሚተወውም ልል አመድ ነው። የበግ ፀጉር በግድ ነው የሚነደው፤ እሳቱን ስታርቂው ይጠፋል፣ ሽታውም የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነው። አክሪሊክ ግን ይቀልጣል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ጠጠር የጠነከረ ፍሬ ይሆናል።

አክሪሊክን መጥፎ ነው አላልኩም። ይረክሳል፣ ለማጠብ ይመቻል፣ ብል አይበላውም። ግን ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚቀመጥ ሕፃን ላይ አላለብሰውም። እሳት ከነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ካውያም አታስነኪው። ሙቀት አንዴ ከመታው ይልፈሰፈሳል፣ ወደ ቀድሞውም አይመለስም። ለሕፃን ለስላሳ ጥጥ ፈልጊ። ጥጥ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላልና ናሙና ሠርተሽ እጠቢ።

የደላንታ ሰው፦ የገዛ በጋችን እያለልን ምን የውጭ ክር ፍለጋ ነው? ባናውም በርኖሱም የሚሠራው ከደጋው በግ ፀጉር አይደል?

ቧንቧ ውሃ፦ ባና ሕፃን ላይ አልብሰህ ታውቃለህ ወንድሜ? ቆዳ ይልጣል።

የደላንታ ሰው፦ እኛ በሱ ነው ያደግነው። ማንም አልተላጠም።

ቧንቧ ውሃ፦ ከላይ ደርበህ እንጂ ለሥጋህ አይደለም ያደግህበት።

እትዬ ልቃቂት፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የደጋው በጋችን ፀጉር ሻካራ ነው። ጥንካሬውና ሙቀቱ እንጂ ልስላሴው አይደለም የሚፈለገው። ከኩታ በላይ ለሚደረብ ነገር ወደር የለውም። እኔ ራሴ እናቴ በእንዝርት ከፈተለችው የበግ ፀጉር የወንበር ምንጣፍ በ8 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሠርቼ አለኝ፣ እስካሁን አላለቀም። ለሕፃን አንገት ግን አይሆንም። የበግ ፀጉር የምትሠሩ ደግሞ በሙቅ ውሃ አሽታችሁ አትጠቡ። ፀጉሩ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቀትና መታሸት ሲያገኘው እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል። የአዋቂ ሹራብ አስገብታችሁ የልጅ ታወጣላችሁ። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ፣ ሳያሹ፣ ሳይጨምቁ።

የባቲ ሰኞ፦ ወንድ ነኝ። ማታ ማታ ኪሮሽ ብይዝ ደስ ይለኛል፣ ግን ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

የጦሳ ልጅ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ የሴት ሥራ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ የለበስከውን ጋቢ የሸመነው ማን ሆነና?

የጦሳ ልጅ፦ ሽመና ሌላ፣ ኪሮሽ ሌላ።

ቧንቧ ውሃ፦ ክር ክር ነው።

እትዬ ልቃቂት፦ ይብቃ። በአገራችን ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ወንድ ክር ቢነካ ነውር የለበትም። ማረሚያ ቤት ውስጥም ስንት ወንድ ነው ሹራብና ቦርሳ እየሠራ የሚውለው። አብሽር ወንድሜ፣ ጀምር። ናሙና ሥራ።

ከሰኞ ገበያ፦ እትዬ፣ ለአባቴ ለረመዳን ነጭ ኮፍያ ልሠራለት ጀመርኩ። አናቱ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው አንዴ እንደ ቅጠል ይርገበገባል፣ አንዴ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይቆለመማል። ሦስት ጊዜ ተረተርኩት።

እትዬ ልቃቂት፦ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ክብ ሥራ የሚበላሸው በእጅ ሳይሆን በቁጥር ነው። በቀስታ አንብቢው።

ክሩን በኪሮሹ ላይ ሳልጠመጥም የምሠራውን ዓይን «አጭር» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ጠምጥሜ የምሠራውን «ረጅም» እለዋለሁ። አጭሩ ቁመቱና ወርዱ ይቀራረባል። ረጅሙ ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ያህል ነው። አሁን ክብ አስቢ። በዙሪያው አንድ ረድፍ በጨመርሽ ቁጥር ዙሪያው የዚያን ረድፍ ቁመት 6 እጥፍ ከትንሽ ያድጋል። ስለዚህ በአጭር የምትሠሪ ከሆነ በየዙሩ 6 ዓይን ነው የምትጨምሪው። በረጅም ከሆነ 12። ነገሩ ይኸው ነው።

በረጅም እንሥራው። የመጀመሪያው ዙር 12 ዓይን። ሁለተኛው፣ በያንዳንዱ ዓይን ላይ ሁለት ሁለት፣ 24። ሦስተኛው፣ አንድ ነጠላ (በአንዱ ዓይን ላይ አንድ) አንድ ድርብ (በአንዱ ዓይን ላይ ሁለት)፣ 36። አራተኛው፣ ሁለት ነጠላ አንድ ድርብ፣ 48። እንዲህ እያልሽ ትቀጥያለሽ። ከተርገበገበ አብዝተሽ ጨምረሻል። ከተቆለመመ አሳንሰሻል፣ ወይም እጅሽ ክሩን አጥብቋል። እያንዳንዱን ዙር ስትጨርሺ ቁጠሪ። ሳትቆጥሪ ወደሚቀጥለው አትለፊ።

መጨመሩን መቼ ታቆሚያለሽ? የአባትሽን ራስ ዙሪያ በሜትር ለኪ። 56 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ለ3.14 አካፍይው፣ 17.8 ይመጣል። የአናቱ ክብ ከዳር እስከ ዳር 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን መጨመር ታቆሚና ያለ ጭማሪ ዙሪያውን ወደ ታች ትወርጃለሽ። የጎኑን ቁመት ራሱ ላይ አድርገሽ ለኪው። ቀጭን የጥጥ ክርና 1.5 ወይም 1.75 ሚሊ ሜትር የብረት ኪሮሽ ይበቃሻል። ጥጥ እንደ በግ ፀጉር አይለጠጥም፣ ስለዚህ ልኩን አታጥብቢ። ናሙናውንም እጠቢ! ኮፍያ በየሳምንቱ የሚታጠብ ነገር ነው።

ከሰኞ ገበያ፦ አላህ ይስጥልኝ እትዬ። እስካሁን 10 ስጨምር ነበር።

እትዬ ልቃቂት፦ ለዚያ ነው የተቆለመመው። ሲያልቅ ባየው ደስ ይለኛል።

ሮቢት፦ እትዬ ለአንድ ሹራብ ክር ስንት ያስፈልጋል?

እትዬ ልቃቂት፦ የማን ሹራብ? የሁለት ዓመት ልጅ ወይስ የአዋቂ? በምን ውፍረት ክር? በኪሮሽ ወይስ በመርፌ? ይህን ሳትነግሩኝ ቁጥር አልሰጥም። መንገዱን ልንገራችሁ። አንድ ጥቅል ግዙና ሙሉውን ሥሩት። የሸፈነውን ስፋት ለኩ። የልብሱን ስፋት ለዚያ አካፍሉ፣ አንድ ጥቅል መጠባበቂያ ጨምሩ። የኪሮሽ ሥራ ከሹራብ መርፌ የበለጠ ክር ይበላል። የቀረውን ጥቅል ስትገዙ ደግሞ በመጠቅለያው ላይ ያለውን የሎት ቁጥር፣ አብሮ የተነከረውን ክር የሚለየውን፣ አስተያዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም በትንሹ ይለያያል። ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፣ ፀሐይ ላይ ደረትና ጀርባው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታያል።

ቦሩ ሜዳ፦ ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ ስሠራ ሥራዬ ሁልጊዜ ከእነሱ ይረዝማል።

እትዬ ልቃቂት፦ አሜሪካኖችና እንግሊዞች ለአንዱ ዓይን የተለያየ ስም ነው ያላቸው። እኔ «አጭር» ያልኩትን አሜሪካኑ «ሲንግል» ሲለው እንግሊዙ «ደብል» ይለዋል። መጀመሪያ አስተማሪዋ የየት አገር እንደሆነች እዪ። ስሙን ትተሽ እጇን ተከተይ።

ሆጤ፦ በመርፌ የሠራሁት ያንገት ልብስ ጫፉ ይጠቀለላል።

እትዬ ልቃቂት፦ ፊቱ ልስልስ የሆነ አሠራር ሁሉ ይጠቀለላል፣ ጠባዩ ነው። ካውያ አያስተካክለውም። ዳርና ዳሩን 5 ዓይን በሁለቱም ፊት በአንድ ዓይነት ሥሪ።

አራዳ፦ እጄ አንጓ ላይ ያመኛል።

እትዬ ልቃቂት፦ በየግማሽ ሰዓቱ አሳርፊው። ከደነዘዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ፒያሳ፦ እየሸጡ መኖር ይቻላል? ስንት ያስገኛል?

እትዬ ልቃቂት፦ ስለ ንግድ አልመልስም። ለደስታ የሚሠራ ሰው ነው የጠራሁት።

ሙጋድ፦ ይቅርታ እትዬ፣ ዳንቴል ግን ጊዜው አልፏል። ቴሌቪዥን ላይ፣ ሶፋ ላይ ማልበስ የአያቶቻችን ነው።

ከሐይቅ፦ አያትሽ ያለበሰችው ውበት ስለሚገባት ነው።

ሙጋድ፦ ክብር አለኝ፣ ግን አቧራ ይይዛል።

ቧንቧ ውሃ፦ ይታጠባላ።

እትዬ ልቃቂት፦ ሶፋ ላይ አታልብሺው፣ ማንም አላስገደደሽም። መጋረጃ ላይ፣ የቀሚስ አንገት ላይ፣ ቦርሳ ላይ ሥሪው። ግን ስለ ዳንቴል አንድ ነገር ልንገርሽ። «ዳንቴል» የመጣው ጥርስ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ ዳሩ ጥርስ ጥርስ ስለሚመስል። «ኪሮሽ» ደግሞ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲበሰብስ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ያኔ መነኮሳትና ሌሎች ሴቶች ለድሃው ኪሮሽ አስተማሩ። አንድ ትንሽ መንጠቆና ክር ብቻ ስለሚፈልግ ጎጆ ውስጥም ይሠራል። ዳንቴሉ ተሽጦ ስንት ቤተሰብ ነፍሱን አቆየ። የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ ያየ የወሎ ሰው ይህ ታሪክ ይገባዋል። እኔ ኪሮሼን በያዝኩ ቁጥር እነዚያን ሴቶች አስባለሁ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሹራብን ማሽን ይሠራዋል። እውነተኛውን ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራው እጅ ነው።

ሙጋድ፦ ይህን አላውቅም ነበር። የአያቴ ሳጥን ውስጥ አንድ አለ፣ አወጣዋለሁ። ግን ልፈስፍስ ብሏል።

እትዬ ልቃቂት፦ እጠቢውና አሚዶ አጠጪው። ስኳር አታድርጊበት፣ ጉንዳን ይጠራል። እርጥብ እያለ ሰሌዳ ላይ ወጥረሽ ጥርስ ጥርሱን በስፒል ያዢው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

የጦሳ ልጅ፦ እትዬ፣ ክር ምን ያህል እንደሚበቃ አልመለሱልኝም።

እትዬ ልቃቂት፦ ከላይ ለሮቢት መልሻለሁ። አንብብ ልጄ።

ከሐይቅ (በማግስቱ)፦ እትዬ፣ ያን «ሱፍ» አቃጥዬ አየሁት፣ ቀለጠ። ጥጥ ገዛሁ። በ20 ዓይን ናሙና ሠራሁ፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ነበር። በሙቅ ውሃ አጥቤ ሳደርቀው 9 ሆነ። የሹራቡ ደረት 25 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 50 ዓይን ልጀምር ነበር።

እትዬ ልቃቂት፦ በ50 ብትጀምሪ ታጥቦ 22 ተኩል ይሆን ነበር፣ ሕፃኑን አይገባውም። 20 ለ9 አካፍለሽ በ25 አባዢ። 56 ዓይን። ቁመቱንም እንዲሁ አስቢው። ጀምሪ።