እጮኛዬ በጎብኚ ቪዛ መጥቷል፤ ሳንጋባ መቆየት ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በሙያዬ አመልክቼ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሆኛለሁ። እጮኛዬ በጎብኚ ቪዛ ከአዲስ አበባ መጥቶ ባለፈው ዲሴምበር 10 ገባ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ አንድ ቤት ነን። እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊትም አዲስ አበባ ስምንት ወር ያህል አብረን ኖረናል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ ሊያበቃ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ቤተሰቦቻችን ሽማግሌ ሳይላክና ድግስ ሳይደገስ ጋብቻ የሚባል ነገር አይቀበሉም፤ እኛም ልናስቀይማቸው አንፈልግም። አንዳንዶች «ስድስት ወር አብራችሁ ከኖራችሁ ኮመን ሎው (ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚታዩ ጥንዶች) ናችሁ» ይሉናል፤ ሌሎች ደግሞ «ናያግራ ድረስ ወጣ ብሎ ይመለስ፣ አዲስ ስድስት ወር ይሰጡታል» ይሉናል። አሁን ኤፕሪል ገብቷልና ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ በመጀመሪያ ሁለት ቀኖችን እንለያይ። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያበቃበት ቀን እጮኛዎ እስከ መቼ ድረስ ወደ ካናዳ መግባት እንደሚችል እንጂ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችል አይናገርም። የድንበር ሠራተኛው በማኅተሙ ላይ ወይም በተለየ ወረቀት ሌላ ቀን ካልጻፈ በቀር፣ ጎብኚ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ስድስት ወር ይፈቀድለታል። ስለዚህ የእርስዎ እጮኛ ጊዜ የሚያልቀው በሦስት ዓመት ውስጥ ሳይሆን በመጪው ጁን 10 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን በፊት፣ የሚቻል ከሆነም 30 ቀን አስቀድሞ፣ እዚሁ ካናዳ ሆኖ በኢንተርኔት የቆይታ ማራዘሚያ ማመልከት ይችላል፤ ክፍያው 100 የካናዳ ዶላር ነው። ማመልከቻው የቀድሞው ጊዜ ሳያልቅ ከገባ፣ መልስ እስኪመጣ ድረስ ከአገር እስካልወጣ ጊዜ በሕጋዊ ጎብኚነቱ ይቀጥላል። ቀኑ ካመለጠው ግን ያለው ዕድል በ90 ቀን ውስጥ «ሕጋዊ አቋሜ ይመለስልኝ» ብሎ ማመልከት ሲሆን፣ ይህ ዋጋውም ከፍ ያለ፣ ውጤቱም ያነሰ አስተማማኝ መንገድ ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው ደብዳቤ እውነቱን ቢናገር ይሻላል። የካናዳ ሕግ አንድ ሰው ወደፊት ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ማሰቡ ብቻውን በጎብኚነት እንዳይቆይ አያግደውም፤ የሚጠበቅበት የተፈቀደለት ጊዜ ሲያበቃ እንደሚወጣ ማሳመን ነው። «አጎቴን ልጠይቅ ነው» ብሎ መጻፍና ከወራት በኋላ በተመሳሳይ አድራሻ የፍቅር ጓደኛ ሆኖ መቅረብ ግን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እገዳ የሚያስቀጣ የሐሰት መረጃ ክስ ሊያስከትል ይችላል። በጎብኚነቱ መሥራት እንደማይችልም አይርሱ።

የናያግራውን ምክር ይተዉት። ወደ አሜሪካ ለመሻገር የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቢኖረው እንኳ ሲመለስ የሚያገኘው የድንበር ሠራተኛ አዲስ ስድስት ወር የመስጠት ግዴታ የለበትም፣ ከነጭራሹም ሊመልሰው ይችላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ኮመን ሎው የሚባሉት እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 12 ወር ሳይቋረጥ አብረው የኖሩ ጥንዶች ናቸው፤ ስድስት ወር የሚል ሕግ የለም። ሰዎች ቁጥሩን የሚያምታቱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር የቤተሰብ ሕግ ለቀለብ ጉዳይ ሦስት ዓመት ይጠይቃል፣ የእኛው የኢትዮጵያ የ1992 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ከጋብቻ ውጭ አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ እንዲሆን ሦስት ዓመት ይላል። ኢሚግሬሽን የሚቆጥረው ግን በራሱ ቁጥር ነው። የአዲስ አበባው ስምንት ወር በመካከሉ ዓመታት ስለተለያያችሁ ከዛሬው ጋር አይደመርም። ለሥራ ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ለአጭር ጊዜ መለያየት ቆጠራውን አያቋርጥም፤ አራት ዓመት ግን አጭር ጊዜ አይደለም።

እንግዲህ ቆጠራው ከዲሴምበር 10 ይጀምራል፣ በመጪው ዲሴምበር 10 ይሞላል። ማራዘሚያውን ሲጠይቁ እስከዚያው ቀን ድረስ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ሳምንት ጨምረው ቢጠይቁ፣ ሰነድ ለማሰባሰብ ጊዜ ያገኛሉ።

ማስረጃው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራቀም ነው እንጂ በመጨረሻው ሳምንት የሚሠራ አይደለም። አከራይዎን ስሙን በኪራይ ውሉ ላይ እንዲጨምሩ ይጠይቁ፤ የጋራ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ የመብራት ወይም የኢንተርኔት ሒሳቡ የሁለታችሁን ስም ይያዝ። በእሱ ስም ወደ ቤታችሁ የሚመጣ ማንኛውንም ፖስታ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ማስታወሻ እንኳ ቢሆን፣ ቀኑ የሚታይበትን ኤንቨሎፕ ሳይጥሉ ያስቀምጡ። የቡናና የበዓል ፎቶ መልካም ነው፤ ነገር ግን መርማሪ ይበልጥ የሚያምነው አሰልቺውን ወረቀት ነው። ዓመቱ ሲሞላ አብሮ መኖራችሁን በቃለ መሐላ የምታረጋግጡበት ቅጽ በሕግ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ይፈረማል። ዓመቱ ከሞላ በኋላ የሚቀጥለውን ግብር ሲያሳውቁም ራስዎን «ነጠላ» ብለው እንዳይሞሉ፤ የግብር መሥሪያ ቤቱም በ12 ወር ኮመን ሎው ይላችኋል፣ ሁለቱ ወረቀቶች ከተጣሉ ጥያቄ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ እርስዎ ስፖንሰር ያደርጉታል፤ ማለትም ቋሚ ነዋሪ እንዲሆን ኃላፊነቱን ወስደው ያመለክቱለታል። ለትዳር ጓደኛና ለኮመን ሎው አጋር በአብዛኛው የተወሰነ የገቢ መጠን አይጠየቅም፤ ነገር ግን ለሦስት ዓመት ሊያስተዳድሩት በፊርማ ይገደዳሉ። እርስዎ በሙያ የመጡ በመሆንዎ፣ በትዳር ስፖንሰር ተደርገው የመጡትን ሌላ የትዳር አጋር ስፖንሰር እንዳያደርጉ የሚይዘው የአምስት ዓመት ገደብ አይነካዎትም። ካናዳ ውስጥ ላሉ ጥንዶች በተዘጋጀው መስመር ካመለከታችሁ ውጤቱን እየጠበቀ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ጉዳቱ ውድቅ ከሆነ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚ ችሎት ማቅረብ አለመቻሉና በሂደቱ መካከል ከአገር መውጣት አደገኛ መሆኑ ነው።

ካናዳ ለእጮኛ ብቻ የሚሰጥ ቪዛ የላትም። ማራዘሚያው ቢከለከል ወይም መጠበቅ ቢያቅታችሁ፣ ከማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ፈቃድ ወስዶ መፈራረም የሚቻል ነው፤ በኦንታርዮ ጎብኚ መሆን ከመጋባት አያግድም፣ ፈቃዱም ለ90 ቀን ይጸናል። ላገቡ ሰዎች የ12 ወር ቆጠራ አይጠየቅም። ለቤተሰብ ሽማግሌው ተልኮ ሠርጉ ሌላ ጊዜ ሊደገስ ይችላል፤ ከመፈራረማችሁ በፊት ግን ለወላጆቻችሁ ብትነግሩ እመርጣለሁ፣ በኋላ ከሰው አፍ ሲሰሙት ይከፋቸዋልና።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ቋሚ ነዋሪነት ሲጠይቁ ያስገቡትን የአሮጌ ማመልከቻ ቅጂ ያውጡና የአድራሻ ዝርዝሩን ይመልከቱ። ያን ጊዜ አብራችሁ የኖራችሁት ስምንት ወር ሳይሆን 12 ወር ሆኖ እርስዎም እጮኛዎን ሳይገልጹ መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ በቤተሰብ አባልነት እንዳይመጣ ሕጉ ይዘጋበት ነበር። ስለዚህ አሁን በምትሞሉት ቅጽ ላይ የምትጽፏቸው ወራት ከዚያ አሮጌ ወረቀት ጋር መስማማት አለባቸው፤ የማይስማማ ነገር ካገኙ ምንም ነገር ከማስገባትዎ በፊት ፈቃድ ላለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩት።