የገደቡ ጊዜ ቢያልቅም መዝገቡ ይቆያል

ወንድሜ፣ በ17 ዓመትህ ድሬዳዋ ላይ በጠብ ተከሰህ በገደብ እንደተለቀቅህ፣ አሁን ሐረር እንደምትኖርና ቀጣሪህ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ እንደጠየቀህ ጽፈሃል። የእኔም ጉዳይ ይኸው ስለነበር እንደ እኔ እንዳትንገላታ ሳልቆጥብ እነግርሃለሁ።

1. እስራቱ በገደብ የታገደልህ ከሆነ፣ የገደቡ ጊዜ ሲያልቅ የሚቀርልህ እስራቱ ነው፤ የጥፋተኝነት ፍርዱ ተመዝግቦ ይቆያል። እኔ ይህን ያወቅሁት አሻራ ሰጥቼ ወረቀቱን ልቀበል በሄድኩበት ዕለት ነው። «ልጅ ነበርኩ» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የሚወሰነውን የእርምት እርምጃ እንደ ወንጀል ቅጣት አይቆጥረውም፤ 15 ዓመት ያለፈው ግን 18 ባይሞላውም በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል።

2. የሚያስፈልግህ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚለው ነው፤ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ታገኘዋለህ። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደልህ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ለጽኑ እስራት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለቀላል እስራት 2 ዓመት ማለፍ አለበት፤ ጠባይህና ካሳ መክፈልህም ይታያል።

3. ማመልከቻውን ለፈረደብህ ፍርድ ቤት አቅርብ። እኔ የተፈረደብኝ ድሬዳዋ በሚያስችለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሆኖ ሳለ፣ ጀጎል ውስጥ ተከራይቼ እኖር ስለነበር በቅርቤ ወዳለ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ ሳታየኝ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ «ሰኞ ተመለስ» ስትለኝ ቆይታ፣ በመጨረሻ «ይህ የእኛ ሥልጣን አይደለም፣ ማንበብ አትችልም?» ብላ ወረቀቴን በመስኮቱ ወረወረችልኝ። በዚያ መካከል የሹፌርነቱ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ በማግሥቱ ድሬዳዋ እገኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ድሬዳዋ ስደርስ ዳኛው የጠየቁኝ ስለ ካሳው ነበር። አባቴ በሽማግሌ ፊት በእጃቸው ስለከፈሉ ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ስለዚህ የመታሁትን ሰው ራሱን ታይዋን ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ አገኘሁት። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም ይታያል፤ እያየሁት ለመናገር ከበደኝ። እርሱ ግን ሱቁን ዘግቶ በዚያ ሙቀት አብሮኝ መጣና «ተክሻለሁ፣ ታርቀናልም» ብሎ አስመዘገበ። ያለ ጠበቃ ራሴ በጻፍኩት ማመልከቻ ተፈቀደልኝ።

አንተ ደረሰኝ ካለህ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር አያይዘው። ከተፈቀደልህም በኋላ ውሳኔው በራሱ ፖሊስ ዘንድ ይደርሳል ብለህ አትቀመጥ፤ ደብዳቤውን ተከታትለህ አስደርስና መቀበላቸውን በግልባጩ ላይ ከነቀኑ አስፈርም። እኔ ያስፈረምኩትን ግልባጭ ዛሬም ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አስቀምጬዋለሁ።