ቀይ እግር ኤሊ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

የባሕር ዳር የቤት እንስሳት ወዳጆች፣ ዛሬ ማታ የደቡብ አሜሪካው የቀይ እግር ኤሊ ተራ ነው። ፎቶ የምትልኩ ከላይ ብቻ አታንሱ። የየት አገር ወገን እንደሆነ ለመለየት የሆዱን ቅርፊት ማየት አለብኝ።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ የኤሊዬ ራስ ቀይ ነው። ቼሪ ሄድ የሚሉት ነው?

መልስ፦ በራስ ቀለም ብቻ አይፈረድም። ሰሜኖቹ ከምንላቸው ከቬንዙዌላና ከኮሎምቢያ ወገንም ቀይ ራስ ያለው ይወጣል። ቼሪ ሄድ የምሥራቅ ብራዚሉ ነው። ሆዱን እየው። የሰሜኖቹ ሆድ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፣ መሐሉ ብቻ ይጠቁራል። የምሥራቅ ብራዚሉ ግን ቀለም የተረጨበት ይመስላል፤ ጥቁሩና ገርጣው ተዘበራርቋል። ጀርባውም ይበልጥ ይጠቁራል፣ ቁመናውም አነስ ይላል። የጉያናና የሱሪናሞቹ ከሰሜኖቹ ጋር ስለሚመሳሰሉ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። የቦሊቪያና የፓራጓዮቹ ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው። የትውልድ ቦታውን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለህ፣ ይመስላል ከማለት አትለፍ። ስትገለብጠውም ቀስ ብለህ፣ ለአፍታ ብቻ።

ከአባይ ማዶ፦ ፎቶ ልኬያለሁ። የየት አገር ነው?

መልስ፦ ከላይ ነው ያነሳኸው። ሆዱን!

ከፋሲሎ፦ የኔን ኤሊ ዘመድ ነው ከቆላ ያመጣልኝ። ጀርባው ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። ማንጎ እሰጠዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀይ እግር የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ነው። ያንቺ የአገራችን ነብርማ ኤሊ ይመስላል። ቀይ እግር ፍራፍሬ ይበላል፣ እንጉዳይም አይጠላም። ነብርማው ግን ሣር በል ነው፤ ማንጎ ሆዱን ያበላሸዋል። ደግሞ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል።

ከግሽ አባይ፦ የጎረቤታችን ኤሊ በማንጎ ነው ያደገው፣ ምንም አልሆነም።

ከፋሲሎ፦ የዘጌ ማንጎ ይሆናላ!

ከግሽ አባይ፦ ከዘጌ ቡናና ጌሾ እንጂ ምን ማንጎ ይመጣል?

ከፋሲሎ፦ እንግዲያው ዘጌን አታውቃትም።

መልስ፦ የማንጎውን ክርክር ጁስ ቤት ሄዳችሁ ጨርሱት።

ከአባይ ማዶ፦ ሌላ ፎቶ ልኬያለሁ። ቢጫ እግር ቢሆንስ?

መልስ፦ አሁንም ከላይ! ቢጫ እግር ዝርያው ራሱ ሌላ ነው፣ በአካልም ይበልጣል። ከአፍንጫው በላይ ያሉት ቅርፊቶች ረዘም ይላሉ፤ የቀይ እግር አጠር ያሉ ናቸው። ሁለቱን አስተያይ።

ከሽምብጥ፦ በብርድ ጊዜ ይተኛል?

መልስ፦ ቀይ እግር ወራት የሚፈጅ እንቅልፍ የለውም። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ግቢ ውስጥ አታሳድረው። ሙቀትም እርጥበትም ይፈልጋል።

ከግሽ አባይ፦ የሰሜን ወንድና የብራዚል ሴት ባዳቅልስ?

መልስ፦ ይፈለፈላሉ። ከዚያ ጫጩቶቹን የየት ናቸው ብለህ ነው ለሰው የምትሰጠው? አታዳቅል።

ከፋሲሎ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ሻጭ አይደለሁም። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ቀይ እግርን በሁለተኛው አባሪው፣ ማለትም በፈቃድ ብቻ ከአገር አገር በሚሻገሩት ዝርዝር ይዞታል። ከውጭ አስገባሁት የሚልሽ ሰው ፈቃዱን ካላሳየሽ ተይው።