አሮጌውን ዕቃ ለባለመኪናው አሳዩት

ልጆቼ፣

ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃችሁ ጋራዥ የገባችሁ፣ ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር ተደራጅታችሁ አዳማ ላይ የራሳችሁን ቤት ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመካኒክነት ነው። ስለ ሞተር አልጽፍላችሁም፤ እሱን ተምራችኋል። የምጽፍላችሁ ስለ ደንበኛ ነው።

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ከጅቡቲ የሚወጣውም ተሳቢ በእኛ በኩል ያልፋል። ሾፌር ደግሞ ያወራል። መተሐራ ምሳ ሲበላ፣ ሚሌ ሲያድር፣ ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ስለ መኪና ያወራል። «አዳማ እገሌ ጋ ሂድ» ወይም «እዛ ቤት እንዳትደርስ» ይባባላሉ። ስማችሁ ከእናንተ ቀድሞ ድንበር ይደርሳል። ምንም ዓይነት ማስታወቂያ ይህን አያሸንፍም።

ባለመኪና ጋራዥ ሲገባ ይጠራጠራል። አትቀየሙት። ከመኪናው ሥር ምን እንደሠራችሁ አያይም። ቀየርን ካላችሁት ዕቃ የትኛው እንደተቀየረ አያውቅም። ስለዚህ አሳዩት። ፍሬን ሸራ ከቀየራችሁ ያለቀውን በጨርቅ ጠርጋችሁ ከአዲሱ ጎን አስቀምጡለት። ውፍረቱን በጣቱ ነክቶ ያነጻጽር። ኩሽኔታ ከሆነ አሮጌውን በእጁ ያዟዙረው፤ ሲንገጫገጭ ራሱ ይሰማዋል። ከዚያ አሮጌውን ካርቶን ውስጥ ከታችሁ ስጡት። ቢጥለውም ይጣለው፣ ንብረቱ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ላስረዳችሁ። ጠዋት አንድ ሰው ቪትዙን አስገፍቶ ይመጣል። «ባትሪዬ ሞቷል፣ አዲስ ግጠሙልኝ» ይላል። ባትሪ መሸጥ ቀላል ነው፣ ትርፉም ጥሩ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱ። ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው ተርሚናል ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አለ? ቴስተር አውጡና ባለመኪናው እያየ ለኩ። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ካልዞረ ተርሚናሉን ፍቱት፣ በሙቅ ውሃና በብሩሽ እጠቡት፣ አድርቃችሁ በደንብ እሰሩት። ሲነሳ እንደገና ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ወደ 14 ቮልት ከወጣ ዲናሞውም ባትሪውን ይሞላል ማለት ነው። የጉልበት ብቻ ተቀበሉትና ይሂድ። ይህ ሰው ቀጥሎ የወንድሙን መኪና ይዞ ይመጣል። ለሰውም አፉን ሞልቶ ይመክራል።

ስለ ኮሚሽን ሳልናገር አላልፍም። መለዋወጫ ቤቱ ደንበኛ ላመጣለት መካኒክ የሚሰጠው ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ከዚያው ደንበኛ ኪስ ነው የሚወጣው። ብዙ ሰው «ያለ ነው» ይላል። እኔ ግን አምርሬ እቃወመዋለሁ። የዕቃውን ቁጥር በወረቀት ጻፉለት፣ ኦሪጅናሉና ርካሹ በምን እንደሚለያዩ ንገሩት፣ ሄዶ ራሱ ይግዛ።

ዋጋ ሥራ ሳትጀምሩ ይነገር። ከፈታችሁ በኋላ ሌላ ብልሽት ካገኛችሁ ደውሉለት። «እሺ» ሳይል አንድ ብሎን አትጨምሩ። «ነገ ይደርሳል» ካላችሁ ደግሞ ይድረስ። የባጃጅ ልጅ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው ገቢ አለበት። ባጃጁ እናንተ ጋ ቆሞ በዋለ ቁጥር ያ ልጅ ከኪሱ ይከፍላል። እንደማይደርስ ካወቃችሁ በጊዜ ንገሩት፤ ማታ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስ።

ሴት ባለመኪና ስትመጣ ከጎኗ ለቆመው ወንድ አታስረዱ። መኪናው የእሷ ነው፣ ገንዘቡም የእሷ ነው።

ብዙ ሱቅ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፎ ታያላችሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ግን፣ ቁጥር 813/2006 ማለቴ ነው፣ ገዢው ዕቃው ላይ ጉድለት ካገኘ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለውም ጽፏል። አንብቡት። ደረሰኝም ሳይጠየቅ ይቆረጥ። የተመለሰ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ፊት አትንሱት፤ ቁጭ አድርጉትና አዳምጡት።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደንበኛን እንቢ በሉ። ፍሬኑ አልቆ «ገንዘብ አጠረኝ፣ ለአሁኑ እንዲሁ ዝጉልኝ» የሚል ሾፌር ይመጣል። ከአዳማ ወደ አዋሽ መንገዱ ዝቅ እያለ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ነው የሚሄደው። ጭነት የያዘ መኪና በተደጋጋሚ ፍሬን ሲያዝበት ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይደክማል። ያለቀ ሸራ ሲሆን ይብሳል። አትዝጉለት። ግማሹን አሁን ይክፈል፣ ግማሹን ሲመለስ። ስልኩንና የሰሌዳ ቁጥሩን መዝግቡ። አብዛኞቹ መጥተው ይከፍላሉ። ባይመጣም ገንዘቡ ይቅር፤ ሰውየው ቤቱ ይግባ።