ስድስት ሳምንት መርፌ፣ ግን ሆስፒታል ሳይተኙ?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ በደም ስር ስለሚሰጥ አንቲባዮቲክ ስለሆኑ አንድ ላይ አቀረብናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። የአከርካሪ አጥንት ኢንፌክሽን ነው ተብለው ተኝተው በደም ስር አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ቆይተዋል። አሁን ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ። ሐኪሞቹ ሕክምናው በጠቅላላው 6 ሳምንት ስለሆነ ቀሪውን ቤት ሆነው ይጨርሱ፣ ክንዳቸው ላይ ረጅም ቱቦ እናስገባለን አሉን። እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልጋ ጠቧቸው እያስወጡን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልጋውም ሳይፈለግ አይቀርም፣ አልዋሽሽም። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ሕመም ያለባቸው ልጆች በዚህ መንገድ ቤታቸው መታከማቸው ተዘግቧል፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተለመደ አሠራር ሆኗል። አጥንት ውስጥ የገባ ጀርም ቶሎ አይለቅም፣ ለዚህ ነው ሳምንታት የሚፈጀው። ትኩሳቱ ከጠፋ፣ የደም ግፊቱ ከተስተካከለና በሽተኛው መብላት ከጀመረ ግን አልጋው ላይ የሚያስቀራቸው መድኃኒቱ ብቻ ነው። ተኝቶ መክረም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ደም እግር ላይ ሊረጋ ይችላል፣ የሆስፒታል ጀርምም አለ።

ቤት የሚሄደው መርፌው ብቻ ከሆነ ግን እሺ አትበዪ። ክትትሉም አብሮ መሄድ አለበት። ከመውጣታችሁ በፊት መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጥ፣ የደም ምርመራው በየስንት ቀኑ እንደሆነ (አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው፤ ኩላሊት፣ ጉበትና የደም ሴሎች ይታያሉ)፣ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ ሌሊት ቢደወል የሚያነሳ ስልክ የትኛው እንደሆነና መድኃኒቱ የሚቆምበትን ቀን የሚወስነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጡሽ። ውጤቱን የሚያይ ሰው ከሌለ ደም መቅዳቱ ትርጉም የለውም።

የመድኃኒቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ሴፍትሪያክሶን ወይም ኤርታፔኔም በቀን አንዴ ስለሚሰጡ ለቤት ይመቻሉ። ቫንኮማይሲን ከሆነ በደም ውስጥ ያለው መጠን እየተለካ መሄድ አለበት፣ ካልሆነ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ጄንታማይሲን ደግሞ ከኩላሊቱ ሌላ ጆሮንም ይነካል። ስለዚህ ጆሮ መጮህ ወይም ሲሄዱ መንገዳገድ ከመጣ «እርጅና ነው» ብለሽ አትለፊው።

ቱቦው የሚገባው ክንድ ላይ ቢሆንም ጫፉ ልብ አጠገብ ያለው ትልቁ ደም ስር ውስጥ ነው የሚያርፈው። ከመንካትሽ በፊት እጅሽን መታጠብ፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ጫፉን በአልኮል አሽቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ የሚለውም ለዚህ ነው። በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም። ቱቦው ወደ ውጭ ከረዘመ መልሰሽ አትግፊው፣ ደውዪ። መድኃኒቱ ተሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጣቸው ጀርም ቱቦው ላይ ሰፍሮ ሊሆን ይችላልና በዚያው ዕለት ይታዩ። ክንድ ወይም አንገት ካበጠ ደም ረግቶ ይሆናል። እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ ከመጣ ማስቆሚያ ገዝተሽ አትስጪ፤ አንቲባዮቲኩ ያመጣው የአንጀት ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናው ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ይመጣል። ከሁሉ በላይ ግን የአባትሽ ሕመም አከርካሪ ላይ ነው፤ እግራቸው ከሰነፈ ወይም ሽንታቸውን መሽናትም መቆጣጠርም ካቃታቸው እስኪነጋ አትጠብቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። የኩላሊት ድካም ካለባቸው ቱቦው ከመግባቱ በፊት ተናገሪ። ወደፊት ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ቢያስፈልግ የሚፈለጉት እነዚሁ የክንድ ደም ስሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቱቦና መርፌ ሳይመጣ በክኒን አይሆንም? መርፌ ይበረታል ሲባል ነው የምሰማው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የላይኛዋ ጠያቂያችንም ይህን ማንሳት ነበረባት። መርፌ ሁልጊዜ ይበረታል የሚለው እምነት የሐኪሞችም ጭምር ነበር። እንደ ሊኔዞሊድና ሌቮፍሎክሳሲን ያሉ ክኒኖች ግን ሲዋጡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ደም ውስጥ ይገባሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ኦቪቫ የሚባል የእንግሊዝ ጥናት 1,054 የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በደም ስር፣ ግማሹን በአፍ አከማቸው፤ ከዓመት በኋላ የአፉ ከደም ስሩ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ዴንማርክ ውስጥም 400 የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል፣ እነሱ ግን መጀመሪያ በደም ስር ታክመው የተረጋጉ ነበሩ።

ይህ ለሁሉም አይሠራም። ጀርሙ ለክኒኖቹ የተላመደ ከሆነ፣ ሰውየው የሚያስመልሰው ከሆነ ወይም አንጀቱ የማይመጥ ከሆነ መርፌው ይቀጥላል። ሐኪምህን «ጀርሙ ተለይቷል? የሚሠራበት ክኒንስ አለ?» ብለህ ጠይቅ። በእኔ እምነት ይህ ሳይመለስ ቱቦ መግባት የለበትም።

ጥያቄ፦ ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር ነርስ ጓደኛዬ ቤት መጥታ ሴፍትሪያክሶን ትወጋኛለች። በሁለት ቀን ይሻለኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው፤ ምንም ሳትወስድም በጥቂት ቀን ይሻልህ ነበር። ጓደኛህ ጎበዝ ነርስ ልትሆን ትችላለች፣ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጥር አለርጂ ቢነሳ ቦርሳዋ ውስጥ ለእንዲህ ያለ አለርጂ የሚሰጠው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ አለ? ከዚህ በፊት ተወግተህ ምንም አለመሆንህ ለነገው ዋስትና አይሆንም። በዚያ ላይ ጀርሞቹን እያለማመድክ ነው፤ የምር ስትታመም ይህ መድኃኒት ላይሠራልህ ይችላል። አቁመው።

ጥያቄ፦ ቱቦው ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ ካየሁ እሞታለሁ? ሻወር መውሰድስ እችላለሁ?

መልስ፦ አትሞቺም። ጥቃቅን አረፋ ሳንባ ላይ ደርሶ ይጠፋል፣ ቢሆንም ከመጀመርሽ በፊት ፈሳሹን አሳልፈሽ አስወጪው። የሚያስፈራው ክንድሽ ውስጥ የገባው ረጅሙ ቱቦ ተቆርጦ ወይም ክዳኑ ወልቆ ክፍት ሲቀር ነው። ያኔ ወዲያው ከሰውነትሽ በኩል አጥፈሽ ያዢው፣ በግራ ጎንሽ ተኚና አምቡላንስ ይጠራልሽ። ሻወር ውኃ በማያስገባ ነገር ሸፍነሽ ይቻላል። ዋና ግን ቱቦው እስኪወጣ ይቅርብሽ።