«ገና ደም ነው» ይሏታል፤ ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ከአንዲት የኩታበር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሁለታችንም የምንሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ጓደኛዬ አሁን የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ያስፀነሳት ሰው ሹፌር ነው። «አስወርጂው፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብሏታል፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ እንደ ልቡ አያነሳም። የሥራ ባልደረቦቻችን «ገና ደም እኮ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይሏታል። «አብረሽኝ ሂጂ» ስትለኝ እምቢ አልኳት። ተኳርፈናል። በሁለት ወር ኃጢአት ነው? አብሬያት ብሄድስ ምን አለብኝ? ተደፍራ የፀነሰችስ? ደግሞ ከዓመታት በፊት ያስወረደች አንዲት እኅት አለች። ዛሬም ቅዳሴ ታስቀድሳለች እንጂ አትቆርብም። እሷስ ተስፋ አላት? በመጨረሻ አይቆጡኝና፣ ቤተ ክርስቲያን «አታስወርዱ» ትላለች፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ ግን የት ናት?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልቆጣም። የመጨረሻው ጥያቄሽ መጀመሪያ መምጣት የነበረበት ነው። ቢሆንም በተራው እንሂድ።

«ገና ደም ነው» የሚለውን ደሴም ኮምቦልቻም እንሰማዋለን። ብዙ ጊዜ የሚባለው በክፋት አይደለም፤ የተጨነቀችን ልጅ ለማረጋጋት ነው። እውነት ግን አይደለም። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 1 ክፈቺ። እመቤታችን የመልአኩን ብሥራት እንደሰማች ተነሥታ ፈጥና ወደ ተራራማው አገር ሄደች። ኤልሳቤጥ ቤት ስትደርስ ጌታ በማኅፀኗ ካደረ ገና ቀናት ቢሆኑት ነው። ሆዷ አልታወቀም፣ ጎረቤት አልሰማም። ኤልሳቤጥ ግን «የጌታዬ እናት ወደ እኔ ትመጣ ዘንድ እንዴት ይሆንልኛል?» አለች። እናት አለቻት እንጂ «ወደፊት እናት ትሆኛለሽ» አላለቻትም። የስድስት ወሩ ፅንስ ዮሐንስም በማኅፀን ሆኖ በደስታ ዘለለ። አባቶቻችን «ሰገደ» ይሉታል።

የቤተ ክርስቲያናችንን በዓላት ደግሞ ልብ በዪ። መስከረም 26 የመጥምቁ ዮሐንስን ፅንሰት እናከብራለን። መጋቢት 29 የጌታችንን፣ ነሐሴ 7 የእመቤታችንን። የልደታቸው በዓል ለብቻው አለ። ደም ብቻ ለሆነ ነገር በዓል አይከበርም፣ ማኅሌት አይቆምም። ዳዊትም በመዝሙሩ «ያልተሠራ አካሌን ዓይኖችህ አዩኝ» ይላል። ያልተሠራ ነው የሚለው። እግዚአብሔር የሚያየው እጅና እግሩ ተለይቶ ካለቀ በኋላ አይደለም። ስለዚህ በሁለት ወርም ቢሆን ማስወረድ ነፍስ ማጥፋት ነው። ይህን አለዝቤ ልነግርሽ አልችልም።

ነገሩ ግን እዚህ አያልቅም። በጥንት ዘመንም «ፅንሱ ተስሏል (የሰው መልክ ይዟል) ወይስ አልተሳለም» እያሉ የሚከራከሩ ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው፣ ይህን ሲጠየቅ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም፤ አውቃ ያጠፋች ነፍስ እንዳጠፋች ትቆጠራለች ብሎ መለሰ። ይህን ብዙ ሰባኪ ይጠቅሰዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ባስልዮስ እዚያው ላይ ጉዳዩ የሕፃኑ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል። የእናቲቱም ነው፤ ሴቶች በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሞታሉና ይላል። ስለ እሷም ሕይወት ተጨንቋል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ንስሐዋ እስከ ዕለተ ሞቷ እንዳይራዘም፣ ዐሥር ዓመት እንዲሆን፣ እሱም ቢሆን በዓመት ብዛት ሳይሆን በንስሐዋ ሁኔታ እንዲለካ ያዝዛል። ከእሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ314 አንቂራ (የዛሬዋ አንካራ) ላይ የተሰበሰቡ አባቶችም እስከ ሞት የነበረውን ቅጣት ወደ ዐሥር ዓመት አውርደውት ነበር። የኛ ሰፈር ወሬ ግን ዛሬም እስከ ሞት ነው የሚፈርደው።

ያቺ የማትቆርበው እኅት ይህን ትስማ። አሁን የሚያስፈልጋት ራሷን መቅጣት ሳይሆን ንስሐ አባቷ ዘንድ መሄድ ነው። ከዓመት ዓመት በር ላይ ቆሞ መመለስ ንስሐ አይባልም። ሰው ለራሱ ቀኖና አይሰጥም። አባቷ እንደ አቅሟና እንደ ጸጸቷ ይሰጧታል፤ ጨርሳ ትቆርባለች። የሰፈሯን ካህን ካፈረች ሌላ አባት አሉ፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ብትመጣ ማንም አያውቃትም። ምስጢሩ ከካህኑ አፍ አይወጣም። ጌታ በዝሙት የተያዘችውን ሴት «እኔም አልፈርድብሽም፤ ሂጂ ከአሁንም ጀምሮ ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» ነው ያላት። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ሳታስበው ያስወረዳት እናት በደል የለባትም። «ምን አድርጌ ይሆን» እያሉ ራሳቸውን የሚበሉ እናቶች አውቃለሁ። ለእነሱ ማጽናናት እንጂ ቀኖና አይገባቸውም።

የአገራችንን ሕግ የሚያነሱም አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 አንዳንድ ሁኔታዎችን ከቅጣት ውጭ አድርጓል። መደፈርን፣ የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ መውደቁን፣ የፅንሱን የማይድን ከባድ ጉዳት፣ ልጅቱ ለአካለ መጠን አለመድረሷን ይጠቅሳል። ፖሊስ ያልጠየቀው ሁሉ ግን ከኃጢአት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሕጉ የሚለው ስለ ቅጣት ነው፤ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ነፍስ ነው።

የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና አለ፤ ሕፃኑ በምንም መንገድ አይተርፍም፣ እናቲቱም ካልታከመች ደም ፈሷት ትሞታለች። እዚያ ላይ ሐኪሙ የሚያደርገው መግደል አይደለም፤ ሊተርፍ የሚችለውን ማትረፍ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። «ጸበል ብቻ ይበቃል» ብሎ እናት ማስሞትም ነፍስ ማጥፋት ነው።

ስለተደፈረችው መጻፍ ይከብደኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ስንት ቤት ምን እንደደረሰ እኛ የዚህ አገር ሰዎች እናውቃለን። ዛሬም ያልተነገረ አለ። የተደፈረች ሴት ኃጢአተኛ አይደለችም፤ የተበደለች ናት። መጀመሪያ ልትሰማው የሚገባው ይህን ነው። ወዲያው ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና «ይወራብናል» ብሎ መደበቅ ሌላ በደል ነው። ብትፀንስስ? ሕዝቅኤል «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ይላል። ሕፃኑ አልደፈራትም። ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ የእሱንም ነፍስ ትጠብቃለች። ግን ይህን ቃል ለእሷ ለመናገር ማን ብቁ ነው? አጠገቧ የተቀመጠ፣ አብሯት ያለቀሰ፣ ልጁን ማሳደግ ካቃታት «እኛ እናሳድገዋለን» ሊል የተዘጋጀ ሰው ነው። በሩቅ ሆኖ በድምፅ ማጉያ የሚያዝ ሰው ባይመጣባት ነው የሚሻለው።

ወደ ጓደኛሽ ልመለስ። አብረሽ አልሄድም ማለትሽ ልክ ነው። ባስልዮስ ማስወረጃውን የሚሰጡትንም ከጥፋተኞቹ ጋር ይቆጥራቸዋል። ወስዶ ማድረስ፣ ገንዘብ ማበደር፣ ቦታ መጠቆም ያው ነው። መኳረፍሽ ግን ልክ አይደለም። አሁን እቤቱ ውስጥ ያላት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሱ ቡና አፍዪና ጥሪያት። ስብከት አትጀምሪላት። «ምን ያስፈራሻል?» ብለሽ ጠይቂያት። ሥራዋን ማጣት ነው? አከራይዋ ነች? የእናቷ ፊት ነው? አብዛኞቹ ልጁን ጠልተው አይደለም የሚያስወርዱት፤ ሌላ ነገር ፈርተው ነው። ያንን የፈራችውን ነገር ካነሳሽላት ግማሹ መንገድ ተሄደ። ምናልባት ሳትነግርሽ ሄዳ ወይም የሆነ ነገር ጠጥታ ደም ከፈሰሳት ደግሞ አንድ ደቂቃ እንዳታባክኚ፤ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ያኔ እሷን ማሳከም የኃጢአቱ ተባባሪ አያደርግሽም።

ሥራዋን በተመለከተ ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ። በ2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ከየወረዳው የመጡ ወጣቶች ኮምቦልቻን ሞልተዋታል፤ መብታቸውን የሚነግራቸው ግን ጥቂት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል። ስለፀነሰች ብቻ ማባረር ክልክል ነው። ይህን ለእሷ መንገር ከአንድ ሰዓት ስብከት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሹፌሩስ? እንዲህ ባለ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚወቀሰው የሴቷ ስም ነው። «ወጪውን እችላለሁ» ብሏል አይደል? ለማጥፊያው ገንዘብ ካለው ለማሳደጊያውም ይኖረዋል። ጻድቁ ዮሴፍ የራሱ ያልሆነውን ፅንስ ይዛ የተገኘችውን እመቤታችንን መልአኩ ሲነግረው ወሰዳት፣ ጠበቃት፣ ይዟት ተሰደደ። የራሱን ልጅ የሚክድ ሰው ምን ይባላል? ሽማግሌ ይላክበት። እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አባትነቱን አረጋግጦ ቀለብ ያስቆርጣል። ወንድ ልጅ ያለን ወላጆች ደግሞ ይህን በጊዜ እናስተምር፤ ሴት ልጃችንን ብቻ እያስፈራራን አናሳድግ።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄሽ። ከተወለደ በኋላ የት ናችሁ? ያው ባስልዮስ፣ ሕጉን የጻፈው፣ በቂሳርያ ረሃብ ሲገባ ባለጠጎችን ጎተራ ያስከፈተ፣ ከከተማዋ ውጭ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያና ሐኪም ቤት ያሠራ ሰው ነው። «አታስወርዱ» ያለበት አፍ «ኑ ብሉ» ብሏል። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጥለናል። በጽዋ ማኅበር የምትጠጣ አከራይ «ሆዷ የገፋ ሴት ቤቴ አላስቀምጥም» ብላ ልጅ ታስወጣለች። ማንም አይገሥጻትም። አባት «ቤቴ እንዳትደርሺ» ይላል። እሱንም ሽማግሌ አይሄድበትም። ያቺ ልጅ ስታስወርድ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ይቀሰራል። እኔ እንደማስበው ግን እነዚህ ሰዎችም ቢሆኑ ንስሐ መግባት አለባቸው።

ሕይወትን ማክበር ማኅፀን ላይ የሚያቆም ነገር አይደለም። የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ከምንደብቅበት ቤት ይጀምራል። ልጆቻችን በባቲ በኩል ጂቡቲ ወርደው ባሕር ሲሻገሩ ደላላውን እያወቅን ዝም ማለታችን ውስጥ አለ። ደም መመለስ የወንድነት ተደርጎ በሚወራበት ቦታ አለ። ልጆቿ ዞር ብለው የማያዩአት አሮጊትም አለች። ስለነዚህ ሁሉ ዝም ብለን በአንዲት ሃያ ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ ብቻ ከጮኽን ማን ያምነናል?

ወሎ ይህን የማያውቅ አገር አይደለም። በ66ቱና በ77ቱ ረሃብ ወላጅ ያለቀበትን ልጅ ክርስቲያኑም እስላሙም እየወሰደ እንደ ወለደው አሳድጓል። ዛሬም ልጅ የናፈቃቸው ባልና ሚስት በየሰፈሩ አሉ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሕፃናትን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ተከልክሏል፤ ስለዚህ አሳዳጊው ከእኛው መሃል መውጣት አለበት። ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ሰንበቴው፣ እድሩ ለቀብር የሚያዋጣውን ያህል ለአራስ ቢያዋጣ ምን ይቸግራል? የአንድ ወር የቤት ኪራይ፣ የገንፎ እህል፣ ሁለት ቅያሪ የሕፃን ልብስ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ያጣች አራስ መኖር የለባትም። ልጁ ሲወለድ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ይጠመቃል፤ አባቱ ጠፋ ተብሎ ከክርስትና የሚከለከል ሕፃን የለም። ክርስትና አባት ወይም እናት ከቸገራችሁ እኛው ውስጥ እናገኛለን።

የቀረው እናቷ ናቸው። ለብቻዋ ሄዳ እንዳትነግራቸው፤ ሁለታችሁም ሄዳችሁ እንዳትነግሯቸው። በዚህ ነገር እናት መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ጩኸቱም ለጎረቤት ይደርሳል። ከደሴ ኩታበር ሩቅ አይደለም። የንስሐ አባታቸውን ስም ጠይቂልኝና እኔ፣ እሳቸውና አንዲት የሚያከብሯት እናት ሆነን እንሂድ። የሥራ ቀን አይሁን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል፤ ያኔ እቤት ይገኛሉ። ጓደኛሽ ከፈቀደች ቀኑን ቁረጡና አሳውቁኝ።